አንድ ማሳ፣ ብዙ መዝገብ፦ የግብርና ቆጠራና የናሙና ጥናቶች ቅንጅት ከደቡብ ጎንደር ሲታይ

(በደብረ ታቦር ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ገለጻ ሙሉ ቃል)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «በብሔራዊ የስታቲስቲክስ ሥርዓት ውስጥ የግብርና ቆጠራዎችና የናሙና ጥናቶች ቅንጅት» የሚል ነው። ርእሱ ሲነበብ የቢሮ ደብዳቤ ይመስላል። ስለዚህ ከአንድ ተራ ጥያቄ ልጀምር፦ በፋርጣ ወረዳ፣ ከጉና ተራራ ሥር፣ ገብስ የተዘራበት አንድ ማሳ በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ይቆጠራል?

የቀበሌው የግብርና ባለሙያ በዘር ወቅት በእቅድ አፈጻጸም ቅጹ ላይ ያሰፍረዋል። በመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት መዝገብ ውስጥ በባለመብቶቹ ስም ቀድሞ ተመዝግቧል። የቀበሌው የመሬት መጠቀሚያ ክፍያ ዝርዝርም ያውቀዋል። ቀበሌው በናሙና ከተመረጠ ደግሞ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት መረጃ ሰብሳቢ በእግሩ ዞሮ ይለካዋል። ዝናብ ባነሰበት ዓመት የቅድመ ማስጠንቀቂያ ቡድን በመኪና ሲያልፍ ከመንገድ ዳር በዓይኑ ይገምተዋል። ማሳው አንድ ነው፤ መዝገቡ አራትም አምስትም ነው፤ ቁጥሮቹም አይገጥሙም።

ይህ ሲነሣ ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ትክክለኛው የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብም የታወቀ ነው፦ መሥሪያ ቤቶቹ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጡ፣ ይነጋገሩ፣ በአንድ ቁጥር ይስማሙ። ቅንጅት ማለት ይህ ይመስላቸዋል። እኔ የምከራከረው ተቃራኒውን ነው። መቀናጀት ያለበት ከመልሱ በፊት ያለው ሥራ ነው፤ ይኸውም ትርጓሜው፣ ካርታው፣ የቤተሰብ ዝርዝሩና የሥራ ዘመኑ ነው። መልሱ ግን ተለያይቶ መምጣት ካለበት ተለያይቶ ይምጣ። በስምምነት የተወለደ ቁጥር ማንንም አያርምም።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ይሁንና ከ1967 እስከ 1971 ዓ.ም. የግብርና ናሙና ጥናቱን ያካሂድ የነበረው የግብርና ሚኒስቴር ራሱ ነበር። ከ1973 ዓ.ም. አንሥቶ ሥራው ወደ ስታቲስቲክስ ጽሕፈት ቤቱ ተዛወረ። ይህ ዝውውር ተራ የመዋቅር ለውጥ አልነበረም። ምርት ለማሳደግ ኃላፊነት ያለበት አካልና ምርት ማደጉን የሚለካው አካል ተለያዩ ማለት ነው። ሚኒስቴሩ ግን ለዕለት ሥራው ቁጥር ስለሚያስፈልገው ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን የሚወጣውን የራሱን ሪፖርት ቀጠለ። ዛሬ የምናየው ሁለት ወንዝ ምንጩ እዚያ ላይ ነው። በ1997 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 442 ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ሲቋቋም፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ስሙ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ሲሆን ሁለቱ ወንዞች እንደተለያዩ ነበሩ።

ቆጠራስ? በ1994 ዓ.ም. የተካሄደው ታላቅ ሥራ በስሙ ራሱ ጥያቄ ያስነሣል፤ «የግብርና ናሙና ቆጠራ» ይባላል። ናሙና ከሆነ ቆጠራ እንዴት ይሆናል? ለተማሪዎቼ ይህን ጥያቄ በየዓመቱ አቀርባለሁ፤ ግማሹ ይስቃል። ቀልድ ግን አይደለም። በ1930 እ.ኤ.አ. በሮም ዓለም አቀፍ የግብርና ኢንስቲትዩት ከተጀመረው የመጀመሪያ ዙር ጀምሮ ዓለም አቀፉ የግብርና ቆጠራ መርሐ ግብር በየአሥር ዓመቱ አገሮችን ሲያግዝ ቆይቷል፤ አሁን መርሐ ግብሩን የሚመራው የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ነው። ከ2016 እስከ 2025 እ.ኤ.አ. የተዘረጋው ዙር አራት መንገዶችን ይፈቅዳል፦ ሁሉንም በአንድ ጊዜ መቁጠር፣ መሠረታዊውን ለሁሉም ዝርዝሩን ለናሙና መጠየቅ፣ ቆጠራውን ከተከታታይ ዓመታዊ ጥናቶች ጋር ማዋሐድ፣ እንዲሁም የአስተዳደር መዝገቦችን በምንጭነት መጠቀም። ድርጅቱ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ግን አንድ ነገር ነው፤ ዝርዝር። ያልተዘረዘረ አይቆጠርም፤ በናሙናም አይመረጥም።

የእኛ ዝርዝር ከየት ይመጣል? ከሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። አገራችን በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ሦስት ቆጠራዎችን አካሂዳለች። አራተኛው በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተብሎ የካርታ ሥራው ተሠርቶ ነበር፤ ቆጠራው ግን ደጋግሞ ተራዘመ። ደቡብ ጎንደር በ1999 ዓ.ም. ከሁለት ሚሊዮን ጥቂት በለጥ ያለ ሕዝብ ነበረው። ያን ጊዜ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ጎጆ ወጥቶ ማሳ ተከራይቶ ያርሳል። ዓመታዊው ጥናት በተመረጠው የቆጠራ ቦታ ውስጥ ቤተሰቦችን እንደ አዲስ ስለሚመዘግብ ጉድለቱን በከፊል ይሸፍናል፤ የቆጠራ ቦታዎቹ የሚመረጡበት ክብደት ግን አሮጌ ከሆነ ስሕተቱ ከሥር ይቀራል።

ስለ ዓመታዊው ጥናት አሠራር ትንሽ ልቆይ፤ ሳያውቁት የሚነቅፉት ብዙ ናቸው። በመላ አገሪቱ ከ2,000 በላይ የቆጠራ ቦታዎች ይመረጣሉ፤ ከየቦታው 20 የግብርና ቤተሰቦች በዕጣ ይወሰዳሉ። መረጃ ሰብሳቢው ማሳዎቹን አንድ በአንድ ይለካል፤ ቀድሞ በኮምፓስና በሜትር ነበር፣ ኋላ በጂፒኤስ ሆነ። ሰብሉ ሲደርስ በዕጣ በተመረጡ ማሳዎች ላይ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ ቦታ ተከልሎ፣ ታጭዶ፣ ተወቅቶ፣ ደርቆ ይመዘናል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። ከዚያች 16 ካሬ ሜትር አንዲት ዘለላ አትወድቅም፤ ሰብሳቢው ይለቅማታል። ገበሬው ግን ሲያጭድ፣ ሲከምር፣ በበሬ ሲያበራይ፣ ሲያጓጉዝ ይረግፍበታል፤ አይጡም ድርሻውን ይወስዳል። ስለዚህ በጥናቱ የሚለካው ማሳው ያፈራው ነው፤ ጎተራ የገባው አይደለም። የግብርና ባለሙያው ግምት ደግሞ ገና ባልታጨደ ቡቃያ ላይ ሊመሠረት ይችላል፤ ገበሬው በቃል የሚናገረው ጎተራውን እያሰበ ነው። ሦስቱ ቁጥሮች ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይለካሉ። «አስማማቸው» ማለት ቁመትንና ክብደትን አስማማ እንደ ማለት ነው።

ወቅቱም እንዲሁ ነው። በስታቲስቲክሱ ትርጓሜ መኸር ማለት ከመስከረም እስከ የካቲት የሚታጨድ ሰብል ነው፤ ከመጋቢት እስከ ጳጉሜን የሚታጨደው በልግ ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ግን መኸር፣ በልግና መስኖ ብሎ ይከፍላል። አንዱ የሚለየው በአጨዳ ወር፣ ሌላው በውኃ ምንጭ ነው። አሁን ወደ ፎገራ ሜዳ እንውረድ። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ድጋፍ የገባው ሩዝ ዛሬ የሜዳውን መልክ ለውጦታል። ሩዙ ከታጨደ በኋላ በዚያው ማሳ ላይ፣ በቀረው እርጥበት፣ ጓያ ወይም ሽንብራ ይዘራል፤ ርብና ጉማራ በሚደርሱበት ደግሞ ሽንኩርት ይተከላል። ሽንኩርቱ በመጋቢት ቢነሣ በአንዱ መዝገብ በልግ፣ በሌላው መስኖ ነው። ጓያው በየካቲት መጨረሻ ወይም በመጋቢት መጀመሪያ በመታጨዱ ብቻ ከአንድ ጥናት ወደ ሌላው ይሻገራል። በፋርጣና በላይ ጋይንት ደጋ በበልግ የሚተከለው ድንች ክረምቱ ሲገባ ይቆፈራል፤ ለቤተሰቡ የረኀብ ወራት መሻገሪያ እርሱ ነው። ሁለቱን ሠንጠረዦች ደምሮ «የዞኑ ጠቅላላ ምርት» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንዱን ሁለት ጊዜ ቈጥሮ ሌላውን ሊጥል ይችላል። ይህን የሚፈታው የመሥሪያ ቤቶች ስብሰባ አይደለም፤ በየቅጹ ላይ ሁለት ተጨማሪ ዓምድ ነው፦ የታጨደበት ወር እና የውኃው ምንጭ። ሁለቱም ቅጾች እነዚህን ዓምዶች ከያዙ ማንም በሚፈልገው መንገድ ይደምር።

አሁን የሚያሳስበኝ ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሻለሁ። የዓመታዊው ጥናት ውጤት ታምኖ የሚነገረው እስከ ዞን ድረስ ነው። ወረዳ ላይ ሲደርስ በናሙናው የሚገኙት የቆጠራ ቦታዎች እጅግ ጥቂት ስለሚሆኑ ግምቱ አያስተማምንም። ውሳኔው ግን የሚሰጠው በወረዳ ነው። ማዳበሪያ የሚመደበው በወረዳ ነው፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሴፍቲኔት መርሐ ግብር የሚሠራው በወረዳ ነው። ደቡብ ጎንደር ደግሞ አንድ አገር አይደለም። ፎገራና ደራ ከጣና ዳር ናቸው፤ ስማዳና ታች ጋይንት ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱ ናቸው፤ እብናት ሌላ ነው።

በምሳሌ ላስረዳ፤ ቁጥሮቹን የወሰድኋቸው ለስሌት ብቻ ነው። እኩል የጤፍ መሬት ያላቸው ሁለት ወረዳዎች አሉ እንበል። አንዱ በሄክታር 20 ኩንታል፣ ሌላው 6 ኩንታል አገኘ፤ የዞኑ አማካይ 13 ነው። በቀጣዩ ዓመት የመጀመሪያው 24፣ ሁለተኛው 3 ሆነ፤ አማካዩ 13 ተኩል ነው። በዞኑ ሠንጠረዥ ላይ ምርታማነት ጨምሯል። ከሁለተኛው ወረዳ ግን ግማሹ ምርት ጠፍቷል፤ ሰውም በሬውን እየሸጠ ነው። ሠንጠረዡ ሐሰት አልተናገረም፤ የተጠየቀውን ብቻ ነው የመለሰው።

ስለዚህ የወረዳው ኮሚቴ በእጁ ያለውን፣ የቀበሌ ባለሙያውን ቁጥር ይወስዳል። ያ ባለሙያ ምን ላይ ቆሟል? በኅዳር የእቅድ አፈጻጸም ሲገመገም ምርት ጨመረ እንዲል ይጠበቅበታል፤ በታኅሣሥ የእርዳታ ፈላጊ ቁጥር ሲጠየቅ ያው ምርት ጎደለ እንዲል ይጠበቅበታል። ሁለቱንም የሚጽፈው አንድ እጅ ነው። በባለሙያው ልፈርድ አልወድም፤ በቀበሌው ያለውን ማሳ ከማንም በላይ የሚያውቅ እርሱ ነው። ጥፋቱ የአፈጻጸም መመዘኛንና የመለኪያ መሣሪያን አንድ ባደረገው ሥርዓት ላይ ነው። በዚህ ላይ የስታቲስቲክሱ ሰብሳቢ ወደ ቀበሌው ሲመጣ መንገድ የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ያው ባለሙያ ወይም የቀበሌው አስተዳዳሪ መሆኑን አስቡ።

ነጻ መለኪያ ለምን እንደሚያስፈልግ በ2000 ዓ.ም. በግልጽ ታይቷል። የእህል ዋጋ በየገበያው ሲንር የምርት አኃዙ በተቃራኒው ከዓመት ዓመት እድገት ያሳይ ነበር። ከኢኮኖሚስቶች አንዳንዱ ምርቱ ተጋንኗል አለ፤ አንዳንዱ የገንዘብ አቅርቦቱን፣ አንዳንዱ የዓለምን ዋጋ፣ ሌላውም ገበሬው እህሉን ለመሸጥ አለመቸኮሉን ምክንያት አደረገ። ክርክሩ የተንዛዛበት ዋና ምክንያት፣ በእኔ ፍርድ፣ አንዱን ምንጭ በሌላው መፈተን የሚያስችል የጋራ መሠረት ስላልነበረ ነው። ምንጮቹ ቢኖሩም በአንድ ካርታ ላይ አልተቀመጡም ነበር።

ታዲያ የጋራው መሠረት ምን ይሁን? አንዳንድ ባልደረቦቼ «የመሬት መዝገቡ አለ እኮ!» ይሉኛል። እውነት ነው፤ የአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የገጠር መሬት ይዞታን በስፋት መዝግቧል፤ አዋጅ ቁጥር 133/1998፣ ኋላም 252/2009 መብቱን በዝርዝር ደንግገዋል። ገበሬው ደብተሩን ከሣጥኑ ሥር ያስቀምጣል። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ደግሞ ማሳው ከነወሰኑ በካርታ ይሰፍራል። ለናሙና ጥናት ከዚህ የበለጠ ሀብት የት ይገኛል?

ነገር ግን መዝገቡ የሚመልሰው «መብቱ የማን ነው?» የሚለውን ነው፤ ስታቲስቲክሱ የሚጠይቀው «የሚያርሰውና ምን ልዝራ ብሎ የሚወስነው ማን ነው?» ብሎ ነው። በሬ የሌላት ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን በእኩል ትሰጣለች። ደብተሩ በእርሷ ስም ነው፤ በጥናቱ ትርጓሜ ግን ባለይዞታው የሚያርስላት ሰው ነው። መሬት ያልደረሰው ወጣት በመዝገቡ የለም፤ በተከራየው ማሳ ግን ሙሉ ገበሬ ነው። ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር የገባው ሰው በመዝገቡ አለ፤ በማሳው ላይ የለም። ከብትም እንዲሁ ነው፤ ለርቢ የተሰጠች ላም ባለቤቷ ሌላ ቤት፣ የምትታለበው ሌላ ቤት ነው። ሁለቱም «አለኝ» ካሉ ሁለት ሆነች፤ ሁለቱም «የእኔ አይደለችም» ካሉ ጠፋች። ማሳው የባሕር ዛፍ ከሆነ ደግሞ መዝገቡ አሁንም የእርሻ መሬት ሊለው ይችላል።

እንግዲህ ቀላሉ መፍትሔ ሰብሳቢው በታብሌቱ ላይ የደብተሩን ቁጥር እንዲመዘግብ ማድረግ ይመስላል። ሁለቱ መረጃዎች በአንድ ቁልፍ ይገናኛሉ። እኔ ይህን እቃወማለሁ፤ ምክንያቴም ከቴክኒክ ይልቅ ከታሪክ የመጣ ነው። በ1960 ዓ.ም. የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ከዓባይ ማዶ የጎጃም ገበሬ ገማቾችን አላስገባም ብሎ ተነሣ፤ የጦር ኃይል ዘመተበት፤ መንግሥት በመጨረሻ ለማፈግፈግ ተገደደ። በርስት አገር ማሳን በገመድ መለካት ከግብርና ከመነጠቅ ጋር ተቆራኝቶ ኖሯል። ይህ ትዝታ ከእኛው ቤተሰቦችም አልጠፋም። ዛሬም የመሬት መጠቀሚያ ክፍያውና የግብርና ግብሩ የሚሰላው በይዞታው ስፋት ነው። ሰብሳቢው «ደብተርህን አምጣ» ያለ ዕለት ገበሬው መልስ መስጠቱን አያቆምም፤ ይሉኝታው አይፈቅድለትም። መልሱን ግን ያሳንሳል።

የስታቲስቲክስ ሕጋችን የግለሰብ መረጃ ለስታቲስቲክስ ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዝዛል። ስለዚህ ቅንጅቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት በር ሊኖረው ይገባል። የመሬት አስተዳደር ካርታ፣ የግብርና ጽሕፈት ቤት ሪፖርት፣ የመስኖ ዝርዝር ወደ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ይግባ፤ ከዚያ የአንድም ገበሬ መልስ ወደ ወረዳው አይመለስ። ማገናኘቱም በሰው ስም ሳይሆን በቆጠራ ቦታው ወሰን ይሁን፤ በወሰኑ ውስጥ ስንት ማሳ፣ ስንት ሄክታር እንዳለ ከካርታው ይታወቃል፤ ጥናቱ ከዚያው ወሰን ውስጥ ካገኘው ጋር ይነጻጸራል። ለዚህ የማንም ደብተር አይገለጥም።

የወረዳውን ጥያቄ በተመለከተ መንገድ አለ። ባቲስ፣ ሃርተርና ፉለር የተባሉ ሦስት ስታቲስቲሺያኖች በ1988 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት በአሜሪካ አይዋ ግዛት ለ12 ካውንቲዎች የበቆሎና የአኩሪ አተር ስፋት ገምተዋል። በእጃቸው የነበረው የመስክ ናሙና 37 ቁራሽ ቦታ ብቻ ነበር፤ የቀረውን ከሳተላይት ምስል ጋር በሞዴል አያይዘው ሞሉት። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻችን ይህን ዘዴ ያውቁታል። እኛ ዘንድ አስቸጋሪው ሌላ ነው፤ ማሳው ከሩብ ሄክታር ያነሰ፣ ተዳፋት፣ ባቄላና አተር ተቀላቅሎ የተዘራበት ነው፤ ሰብሉ በሚያድግበት ክረምት ጉና በደመና ተሸፍኖ ይሰነብታል። ስለዚህ የሳተላይቱ ምስል ብቻውን አይበቃም፤ የቀበሌ ባለሙያው ሪፖርት እዚህ ላይ ክብሩን ያገኛል። እንደ መልስ ሳይሆን እንደ አጋዥ መረጃ ሲገባ ወጥ በሆነ መንገድ የተጋነነ ሪፖርት እንኳ ይጠቅማል፤ ሞዴሉ ግንኙነቱን እንጂ መጠኑን አይበደርም። አንድ ሁኔታ ብቻ አለ፦ ማጋነኑ ከወረዳ ወረዳ እጅግ የተለያየ መሆን የለበትም። ይህንንም የምናውቀው ስንፈትነው ነው።

በ2002 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ኮሚሽን የግብርናና የገጠር ስታቲስቲክስን ለማሻሻል ያጸደቀው ዓለም አቀፍ ስትራቴጂ ግብርናን ከብሔራዊው ሥርዓት ጋር ማዋሐድን ከሦስት ምሰሶዎቹ አንዱ አድርጎታል። ስትራቴጂ አይጎድለንም፤ የጎደለን በአንድ ቀበሌ እንኳ መዝገቦቹን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነበበ ሰው ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የማቀርበው ሥራ ይህ ነው። ከፋርጣ አንድ ደጋ ቀበሌ፣ ከፎገራ አንድ የሜዳ ቀበሌ፣ ከስማዳ አንድ ቆላ ቀበሌ እንመርጣለን፤ የጸጥታው ሁኔታ በፈቀደበት እንጀምራለን። በፈቃድ፣ ስም ተሰርዞ፣ ሁለት ነገር ብቻ ከጽሕፈት ቤቶቹ እንወስዳለን፦ የመሬት መዝገቡን የማሳ ብዛትና ስፋት፣ እንዲሁም የግብርና ጽሕፈት ቤቱን የዘር ሪፖርት። ሦስተኛውን እኛው እንሠራለን፤ የቀበሌውን ቤተሰቦች ከበር በር እንመዘግባለን፣ ማን የማንን ማሳ በእኩል ወይም በኪራይ እንደሚያርስ እንጠይቃለን፤ ደብተር አንጠይቅም። ከዚያ የሦስቱን ልዩነት በምክንያት እንከፋፍለዋለን፦ በትርጓሜ የመጣው ስንት ነው፣ በወቅት የመጣው ስንት ነው፣ በእኩል አራሽነት የመጣው ስንት ነው፣ ምክንያት ያልተገኘለትስ ስንት ነው። የመጨረሻው ክፍል ትንሽ ከሆነ የወረዳው ግምት ሊሠራ ይችላል፤ ትልቅ ከሆነ ሞዴል ከመሥራታችን በፊት ሌላ ሥራ አለብን።

ምዝገባው ከመኸር አጨዳ በፊት መጠናቀቅ ይኖርበታል፤ በአጨዳ ወራት ገበሬውን ቤቱ አታገኙትም። የአካባቢውን ልኬት፣ ጥማዱንና ቁናውን፣ በየቀበሌው ወደ ሄክታርና ወደ ኪሎ የሚመልስ ሠንጠረዥ አስቀድሞ መሰናዳት አለበት፤ በተዳፋትና በሜዳ የአንድ ጥማድ በሬ የቀን ውሎ እኩል አይደለምና። መሳተፍ የምትፈልጉ በትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት ተመዝገቡ። ከወረዳ የመጣችሁ እንግዶች ደግሞ የዘር ሪፖርት ቅጻችሁን ባዶውን ብታውሱን ዓምዶቹን ከዓመታዊው ጥናት መጠይቅ ጋር ማነጻጸሩን በሚቀጥለው ሳምንት እንጀምራለን።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እሰማለሁ።